«አልጋ የለም» ከመባሉ በፊት

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1952 የዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሃገን በፖሊዮ ተመታች። ብሌግዳም የሚባለው የከተማዋ የተላላፊ በሽታዎች ሆስፒታል ወረርሽኙ በበረታባቸው ቀናት እስከ 50 አዳዲስ ሕሙማን ይቀበል ጀመር። አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። ያን ዓመት የመጣው ፖሊዮ እግር አስሮ የሚተው ብቻ አልነበረም፤ ጉሮሮንና የመተንፈሻ ጡንቻን ያሽመደምዳል። ሕመምተኛው ምራቁን መዋጥ ያቅተዋል፣ አየር ያጥረዋል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። ሆስፒታሉ ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመምተኛ የነበረው መሣሪያ አንድ «የብረት ሳንባ» እና ደረት ላይ የሚታሰሩ 6 አነስተኛ ማገዣዎች ብቻ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት መተንፈስ ከተሳናቸው 31 ሕሙማን 27ቱ ሞቱ።

የሆስፒታሉ ዋና ሐኪም ፕሮፌሰር ላሰን ጭንቅ ቢላቸው ቢዮርን ኢብሰን የተባለ የሰመመን ሐኪም አማከሩ። በዚያ ዘመን የሰመመን ሐኪም ቦታው ቀዶ ሕክምና ክፍል ነው፤ ከዚያ ወጥቶ ስለ ፖሊዮ ይናገራል ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም። ኢብሰን የሟቾቹን የአስከሬን ምርመራ ተመለከተና ሳንባቸው ያን ያህል እንዳልተጎዳ አስተዋለ። ልጆቹን የገደላቸው አየር ማጣት ነበር። ኦገስት 27 ቀን አንዲት የ12 ዓመት ልጅ በጣር ላይ ሳለች ጉሮሮዋ ተከፍቶ ቱቦ ገባላት። ኢብሰን ቱቦውን ከጎማ ከረጢት ጋር አገናኝቶ አየር ሊገፋላት ሞከረ። ልጅቷ ተወራጨች፤ አየሩ አልገባም አለ። ማደንዘዣ ሰጣት። ሰውነቷ ሲዝል ከረጢቱን ይጨምቅ ጀመር፤ ደረቷ ከፍ ዝቅ አለ፣ መልኳም ተመለሰ።

መፍትሔው ተገኘ፤ ነገር ግን ከረጢቱን ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚጨምቅ እጅ ያስፈልግ ነበር። የኮፐንሃገን የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ተጠሩ። 1,500 ያህል ተማሪዎች በፈረቃ እየተተካኩ በአልጋው ራስጌ ተቀምጠው ከረጢት ጨመቁ። በአንድ ጊዜ እስከ 70 ሕሙማን በተማሪ እጅ ይተነፍሱ ነበር። ልጆቹ መናገር ስለማይችሉ ተማሪዎቹ ዓይናቸውን እያዩ ስሜታቸውን ማንበብ ለመዱ፤ መጽሐፍም ያነቡላቸው ነበር። ወረርሽኙ እስኪያልፍ የዋለው የእጅ ሥራ 165,000 ሰዓት ደረሰ። የሟቾቹ ድርሻ በግማሽና ከዚያ በላይ ቀነሰ። ዛሬ የጽኑ ሕሙማን ክፍል የምንለው ነገር ሁሉ የሚቆጠረው ከዚያ ሆስፒታል ነው።

ይህን ታሪክ ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። በወረርሽኝ ጊዜ አንድ መሣሪያ ለሁለት ሰው ሲፈለግ ማን ያግኝ የሚለውን ጥያቄ ስንወያይ ብዙ ጊዜ ንግግራችን የሚጀምረው አልጋው አጠገብ ነው፤ መሣሪያው አንድ መሆኑን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቀብለን ማን ይገባዋል ወደ ማለት እንሄዳለን። ዴንማርኮቹ ግን ማን ይገባዋል ብለው ከመከራከራቸው በፊት ሰባቱን መሣሪያ ሰባ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠየቁ። ይህን መጠየቅ ራሱ የሥነ ምግባር ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። ግዴታው ሳይፈጸም ቀርቶ ሕመምተኛ ወደ መምረጥ ከተደረሰ፣ ምርጫው የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢደረግ በደል አለበት።

ይህም ሆኖ መምረጥ ግድ የሚሆንበት ቀን አለ። ያ ቀን የመጣባቸውን ሰዎች ማዳመጥ ያስፈልጋል።

ዕድሜ መስፈርት ሲሆን

እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 2020 የጣሊያን የሰመመንና የጽኑ ሕሙማን ሐኪሞች ማኅበር 15 ነጥብ ያለው ምክረ ሐሳብ አወጣ። በሎምባርዲያ ኮዶኞ በምትባል ከተማ የኮሮና ቫይረስ ሕመምተኛ ከተገኘ ገና ሁለት ሳምንት መሆኑ ነበር። ሎምባርዲያ ድሃ አይደለችም፤ ሆስፒታሎቿ በአውሮፓ ከሚመሰገኑት መካከል ናቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን የጽኑ ሕሙማን አልጋዎቿ ሞልተው ሐኪሞች በኮሪደር ላይ እየቆሙ ማንን እናስገባ ይባባሉ ጀመር። ማርች 18 ማታ ወታደራዊ መኪናዎች አስከሬን ጭነው ከቤርጋሞ ሲወጡ ዓለም በቴሌቪዥን አየ።

የማኅበሩ ምክረ ሐሳብ በግልጽ የተናገረው ሌሎች የሚያንሾካሹኩትን ነበር። ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ለመግባት የዕድሜ ገደብ ማበጀት ሊያስፈልግ ይችላል አለ። ምክንያቱንም ጻፈ፦ መጀመሪያ የመትረፍ ዕድል ላለው፣ ቀጥሎም ቢተርፍ ብዙ ዓመት ለሚኖረው ቦታ ለማትረፍ ነው። ጩኸቱ ብዙ ነበር። እኔ ግን ለጻፉት ሰዎች ትልቅ አክብሮት አለኝ። ውሳኔው ያለ እነርሱ ጽሑፍም እየተወሰነ ነበር፤ ልዩነቱ በየክፍሉ ያለው ሐኪም ብቻውን፣ ደንብ ሳይኖረው፣ ለማንም ሳይነግር የሚወስነው መሆኑ ነው። እነርሱ ነገሩን አደባባይ አወጡት፤ አደባባይ የወጣ ነገር ሊተች፣ ሊታረምም ይችላል።

ዕድሜን በተመለከተ ግን አልስማማም። ለእኛ አገር አንባቢ መጀመሪያ የሚመጣው ተቃውሞ ግልጽ ነው፤ ሽማግሌ ሲገባ ከመቀመጫችን የምንነሣ ሰዎች ነን፣ አልጋውን ሊከለከል ነው ሲባል ሆዳችን አይቀበለውም። የወጣቱም ወገን ክርክር ግን ቀላል አይደለም። የ80 ዓመቱ ሰው ልጅነትን፣ ትዳርን፣ ልጅ ማሳደግን አይቷል፤ የ25 ዓመቷ ገና አላየችም። ለእርሷ ቅድሚያ መስጠት የእርሱን ክብር መንሳት አይደለም የሚሉ ቅን ሰዎች አሉ፤ ብዙ አያቶችም ቢጠየቁ ይህንኑ እንደሚሉ እገምታለሁ። ይሁንና አያት ራሱ ለልጅ ልጁ ሲተውና ደንብ ከአያት ሲነጥቅ አንድ አይደለም። የቁጥሩ ነገርም አለ። በአገራችን ብዙ አረጋውያን የልደት የምስክር ወረቀት የላቸውም፤ ዕድሜያቸውን የሚናገሩት «በጣሊያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ» ብለው ነው። ካርድ ክፍል የተጻፈው ዕድሜ አስታማሚው በግምት የተናገረው ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ዓይነት ቁጥር ላይ ሕይወትና ሞትን ማንጠልጠል አይገባም። ዕድሜ የሚጠቅመው ከሳንባው፣ ከኩላሊቱ፣ ከልቡ ሁኔታ ጋር ተዳምሮ ይተርፋል ወይስ አይተርፍም ለሚለው ግምት ሲያግዝ ነው።

ግምቱም ቢሆን ወጥመድ አለው። እንግሊዝ ማርች 20 ቀን 2020 ያወጣችው መመሪያ ሕሙማንን በአቅማቸው ከ1 እስከ 9 የሚያስቀምጥ መለኪያ ይጠቀም ነበር። መለኪያው የተሠራው ለአረጋውያን ነው። ለዕለት ሥራው የሰው እርዳታ የሚፈልግ ከደካሞች ጋር ይመደባል፤ በዚህ ስሌት ጤነኛ ሳንባ ያለው ኦቲዝም ያለበት ወጣት ከደካማ ሽማግሌ እኩል ሊመደብ ነው። ቤተሰቦች ተቃወሙ፤ መመሪያው በአምስት ቀን ውስጥ ተስተካከለ። በአሜሪካ የአላባማ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2010 ያዘጋጀችው ዕቅድ ደግሞ ከባድ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ለቬንትሌተር (ለመተንፈሻ መሣሪያ) የማይታጩ መሆናቸውን በጽሑፍ አስፍሮ ነበር። በኤፕሪል 2020 የአካል ጉዳተኞች መብት ተከራካሪዎች አቤት ብለው ዕቅዱ ተሻረ። የጀርመን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤትም በዲሴምበር 2021 አካል ጉዳተኞች በእንዲህ ዓይነት ምርጫ እንዳይበደሉ ሕግ አውጪው ጥበቃ ማበጀት አለበት ብሎ ወሰነ። በእንግሊዝም በአላባማም ስሕተቱ የታየው ጽሑፉ በሰው እጅ ስለገባ ነው።

ወረፋና ዕጣ

ታዲያ ለምን በወረፋ አይሆንም? ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይግባ፤ ማንም ማንን አያወዳድር። ለጆሮ የሚጥም ነው። ዳቦ ቤትም፣ ታክሲ ተራም፣ ቀበሌም የለመድነው ይህንኑ ነው።

በወረርሽኝ ጊዜ ግን ወረፋ አያዳላም ማለት አይቻልም። የጣሊያኑ ሰነድ ራሱ እንዳለው በወረፋ መሥራት ማለት አልጋው ከሞላ በኋላ የሚመጡትን ሁሉ ላለማከም መወሰን ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2020 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ኢዝኪኤል ኢማኑኤልና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጽሑፍም ወረፋን በግልጽ አልተቀበለም፤ ቀድሞ የሚደርሰው ሆስፒታል አጠገብ የሚኖረው ነውና። ይህን በእኛ መልክዓ ምድር ላይ አስቀምጡት። ቦሌ ያለው ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው በግማሽ ሰዓት በር ላይ ነው። ከገጠር ቀበሌ የሚመጣው መጀመሪያ ጤና ኬላ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያ ሪፈር ወረቀት ይዞ ሌላ ከተማ ነው። ሲደርስ በወረፋው መጨረሻ ላይ ይቆማል፤ ጥፋቱም ሩቅ መወለዱ ነው። ሌላም አለ። አገራችን ውስጥ ቤተሰብ ሲታመም የመጀመሪያው ጥያቄ «እዚያ ሆስፒታል የምታውቀው ሰው አለ?» የሚል ነው። ስልክ የሚደወልለት ሰው ያለው ወረፋው ውስጥ አይታይም። የተጻፈ ደንብ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ይህን ስልክ ለመቁረጥ ይመስለኛል፤ ደንብ የሌለበት ክፍል ለደዋዩ ክፍት ነው።

ሁለት ሕሙማን የመትረፍ ዕድላቸው እኩል ሲሆን ኢማኑኤልና ባልደረቦቹ የመከሩት ዕጣን ነው። ዕጣ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በይሁዳ ምትክ ማትያስ የተመረጠው በዕጣ እንደሆነ በቤተ ክርስቲያን የሰማን ብዙ ነን። በሕክምናም ተሞክሯል። በ2020 ሬምደሲቪር የተባለው የኮሮና መድኃኒት ጥቂት በነበረበት ወቅት በፒትስበርግ ያለው ትልቅ የሆስፒታሎች ሥርዓት መድኃኒቱን በዕጣ አደለ። ዕጣው ሚዛን ነበረው፦ በድሃ ሠፈር የሚኖሩትና ሥራቸው ለሕዝብ አስፈላጊ የሆነ ሰዎች የበለጠ ዕድል ያገኙ ነበር፤ በሌላ በሽታ ምክንያት በዓመት ውስጥ ይሞታሉ ተብለው የሚገመቱት ደግሞ አነስተኛ። ሐኪሙ «አልደረሰዎትም» ሲል ፈራጁ እርሱ አልነበረም፤ ሕመምተኛውም ዋጋ ተቆርጦለት አልወደቀም።

ይሁንና ዕጣ የሚታመነው ውስጡ የገባው የስም ዝርዝር ሲታመን ነው። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢዎች ይህን በሚገባ ያውቃሉ፤ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው የ14ኛው ዙር ዕጣ በመረጃው ላይ በተገኘ ማጭበርበር ምክንያት ተሰርዟል። ቤት ሲሆን ዕጣው ተሰርዞ እንደገና ይወጣል። ኦክስጅን ሲሆን ግን ተመልሶ የሚወጣ ዕጣ የለም። ስለዚህ ደንቡን ማውጣት ብቻውን አይበቃም፤ ማን አየው፣ ማን መዘገበው፣ አቤቱታስ ለማን ይቀርባል የሚለውም አብሮ መጻፍ አለበት።

ሰባቱ ሰዎች

ሰው ሰውን በዋጋ ሲመዝን ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ሲያትል መሄድ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1960 ዶክተር ቤልዲንግ ስክሪብነር ደም ስር ላይ ተተክሎ የሚቆይ ቱቦ ሠራ፤ ከዚያ በፊት ለጥቂት ጊዜ ብቻ ይደረግ የነበረው የኩላሊት እጥበት ለዓመታት የሚቀጥል ሆነ። የሞት ፍርድ የነበረ በሽታ መዳኛ አገኘ፤ መሣሪያው ግን ለጥቂቶች ብቻ የሚበቃ ነበር። መምረጡን ለሐኪሞች ብቻ ላለመተው ስማቸው የማይገለጽ ሰባት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ፦ አንድ ጠበቃ፣ አንድ ቄስ፣ አንዲት የቤት እመቤት፣ አንድ የባንክ ሰው፣ አንድ የሠራተኛ ማኅበር መሪ፣ አንድ የመንግሥት ሹም፣ አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም።

ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። ከባድ አደራ ተቀብለው እንቅልፍ ያጡ ሰዎች ነበሩ። የሚያወዳድሩበት መስፈርት ግን የሕመምተኛውን ጋብቻ፣ የልጆች ብዛት፣ ገቢ፣ ሀብት፣ ትምህርት፣ ሥራና ወደፊት ይጠቅማል ወይ የሚለውን ይጨምር ነበር። ላይፍ መጽሔት በኖቬምበር 1962 ይህን ሲያወጣ አሜሪካ ደነገጠች፤ ኮሚቴው ሳያውቀው የራሱን ዓይነት ሰው ይመርጥ ነበርና። ያላገባው፣ ቤተ ክርስቲያን የማይሄደው፣ ሥራ የሚቀያይረው ሰው ወደ ታች ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1972 የአሜሪካ ምክር ቤት የኩላሊት እጥበትን ወጪ የፌዴራል መንግሥቱ እንዲሸፍን ሕግ አወጣ፤ የመራጮች ኮሚቴ አስፈላጊነትም በዚያው አበቃ። እንደ ኮፐንሃገኑ ሁሉ እዚህም መፍትሔው የመጣው እጥረቱ ሲቀረፍ ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ የሕመምተኛ ፎቶ የተለጠፈበት መኪና በድምፅ ማጉያ ለእጥበት ወይም ለንቅለ ተከላ እርዳታ ሲለምን ያላየ የለም። እዚህ ኮሚቴ የለም፤ የሚመርጠው ገንዘብና የመንገደኛው ርኅራኄ ነው። ፎቶዋ የሚያሳዝን ወጣት እናት ብዙ ታገኛለች፣ ዘመድ የሌለው ጎልማሳ ግን መኪናውንም የሚያቆምለት የለም። ወረርሽኝ ሲመጣ አዲስ ነገር የተፈጠረ ይመስለናል እንጂ እጥረትና ምርጫ ከእኛ ጋር የኖሩ ናቸው።

6,779 ሰዎች

በሜይ 2021 ዘ ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ኢትዮጵያን ጨምሮ በ10 የአፍሪካ አገሮች፣ በ64 ሆስፒታሎች የተደረገ ነበር። ከሜይ እስከ ዲሴምበር 2020 ባለው ጊዜ ኮሮና ያለባቸው ወይም የተጠረጠሩ 6,779 ሰዎች ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተላኩ። የገቡት 3,752 ናቸው። ያልገቡት ሁሉ በአልጋ እጦት ቀሩ ማለት አይደለም። ሆኖም ከ6,779ኙ ሰዎች 3,027ቱ በዚያ በር አላለፉም፤ በእያንዳንዳቸው ላይ አንድ ሰው አንድ ውሳኔ ወስኗል። ጥናቱ ከተከታተላቸው ሕሙማን መካከል በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት 48.2 በመቶ ነበሩ። የዓለም አማካይ 31.5 በመቶ ነበር። ተመራማሪዎቹ ከሌላው ዓለም ጋር ሲነጻጸር ከ100 ሕሙማን ከ11 እስከ 23 የሚደርስ ተጨማሪ ሞት እንዳለ አሰሉ።

ያን ተጨማሪ ሞት አልጋው አጠገብ የቆመችው ነርስ አላመጣችውም። በእያንዳንዱ በጀት ዓመት ኦክስጅን ማምረቻ ሳይገዛ ሲቀር፣ የተገዛውም መለዋወጫ አጥቶ ሲቆም፣ የጽኑ ሕሙማን ነርስ ሠልጥና ደመወዝ ስላልበቃት አገር ለቅቃ ስትሄድ ምርጫው እየተደረገ ነበር። ኢትዮጵያ ይህን ቀድማ አውቃለች፤ ኮሮና ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የሕክምና ኦክስጅንንና በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን የሚለካውን መሣሪያ በአገር አቀፍ ደረጃ ለማስፋፋት ፍኖተ ካርታ አዘጋጅታ ነበር። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ኦክስጅን ለኮሮና ብቻ አይደለም፤ ሳንባ ምች ለያዘው ሕፃን፣ በወሊድ ለምትደማ እናት፣ ለቀዶ ሕክምና ሁሉ ያስፈልጋል። ስለ ቬንትሌተር ክፍፍል የሚደረገው ክርክር የፈላስፎችን ቀልብ ይስባል፤ ሰው የሚያድነው ግን ብዙውን ጊዜ ሲሊንደር፣ መቆጣጠሪያውና አፍንጫ ላይ የሚገባው ቀጭን ቱቦ ነው።

ክፍፍሉ በአገሮች መካከልም አለ። ጃንዋሪ 18 ቀን 2021 ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ለዓለም ጤና ድርጅት ሥራ አስፈጻሚ ቦርድ ሲናገሩ፣ በ49 የተሻለ ገቢ ባላቸው አገሮች 39 ሚሊዮን የኮሮና ክትባት ሲሰጥ በአንድ ዝቅተኛ ገቢ ባለው አገር የተሰጠው 25 ብቻ መሆኑን ገለጹ። ሃያ አምስት ሺህ አይደለም፤ ሃያ አምስት። ወደ ኢትዮጵያ ኮቫክስ በተባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ማከፋፈያ በኩል የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ያህል ክትባት የገባው የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ በሽታው አገር ውስጥ ከተገኘ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት። ክትባቱን የምታመርተው ሕንድ የራሷ ወረርሽኝ ሲብስባት ወደ ውጭ መላኩን አቆመች፤ የመጀመሪያውን የወሰዱ ብዙዎች ሁለተኛውን ጠበቁ። በዓመቱ መጨረሻ በአፍሪካ ሙሉ በሙሉ የተከተቡት ከ10 በመቶ በታች ነበሩ። በአንድ ሆስፒታል ውስጥ አንድ ባለጸጋ ሕመምተኛ አምስት ሲሊንደር ከአልጋው ሥር ደብቆ ጎረቤቱ ሲታፈን ብናይ ወንጀል እንለው ነበር። አገሮች ሲያደርጉት የግዢ ውል ተባለ።

ከኮሮና በፊት የሆነ አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እስከ ዛሬ ያስጨንቀኛል። በጁላይ 2014 የሴራሊዮኑ ዶክተር ሼክ ዑመር ካን በኢቦላ ተያዘ። በኬኔማ ሆስፒታል ከመቶ በላይ የኢቦላ ሕሙማንን ያከመ ሰው ነው። ካይላሁን ወደሚገኘው ማከሚያ ተወሰደ። እዚያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ዚማፕ የሚባል በሰው ላይ ገና ያልተሞከረ መድኃኒት ነበር። ሐኪሞቹ ተከራከሩ። መድኃኒቱ ቢገድለው ሕዝቡ ነጮች ዶክተራችንን ገደሉት ይላል፤ ለእርሱ ተሰጥቶ ለሌሎቹ ቢከለከልስ በአንድ ድንኳን ውስጥ ፍትሕ ነው? በመጨረሻ እንዳይሰጠው ወሰኑ። ለእርሱ አልተነገረውም። ጁላይ 29 አረፈ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ያው ዓይነት መድኃኒት ላይቤሪያ ውስጥ ለታመሙ ሁለት አሜሪካውያን ተሰጠ፤ ሁለቱም ተረፉ።

የከለከሉት ሐኪሞች ያነሡት ምክንያት ከንቱ አልነበረም፤ መድኃኒቱ ያድነው እንደነበርም ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። ያልተጠየቀው ግን ከሁሉ ቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ነው። ካን ሐኪም ነበር፤ አደጋውን ከማንም በላይ ያመዛዝን ነበር። ማን ያግኝ ብሎ መወሰን ለደንብና ለኮሚቴ ሊተው ይችላል፤ ስለ ገዛ ሰውነቱ ሊያውቅ የሚገባውን ሰው ሳይነግሩ መወሰን ግን በየትኛውም ወረርሽኝ አይፈቀድም። ለጤና ባለሙያዎች ቅድሚያ ይሰጥ የሚለውን አሳብም የምደግፈው በዚህ ምክንያት ነው። ተመልሰው ሌሎችን ስለሚያክሙ ብቻ አይደለም፤ እኛ ስንሸሽ ወደ በሽታው ስለሄዱ ዕዳ አለብን። ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. ክትባቱን ከጤና ባለሙያዎች መጀመሯ ተገቢ ነበር። የጽዳት ሠራተኛውና አስከሬን ተሸካሚውም ከባለሙያው እኩል መቆጠር አለባቸው፤ ቫይረሱ ማዕረግ አይጠይቅም።

ብቻዋን ላለመተው

ከሁሉ የሚከብደው ግን አለመስጠት አይደለም፤ የሰጡትን መንቀል ነው። ቬንትሌተር ላይ ለአሥር ቀን የቆየ፣ ተስፋው እየመነመነ የሄደ ሕመምተኛ አለ፤ በር ላይ ደግሞ አሁን ቢያገኝ የሚተርፍ ሰው መጣ። ብዙ የሥነ ምግባር መምህራን አለመጀመርና ማቋረጥ በመርህ አንድ ነው ይላሉ። የኒው ዮርክ ግዛት በ2015 ያዘጋጀው መመሪያ ሕመምተኛው በየጊዜው ተመዝኖ ካልተሻለው መሣሪያው እንዲነሣ ይፈቅዳል። በወረቀት ላይ ትክክል ነው። ቱቦውን የሚነቅለው እጅ ግን ይህን ክርክር አይሰማም። ከውጭ አስታማሚዎቹ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፤ እናቲቱ ነርሷን በስሟ ጠርታ «የኔ ልጅ፣ እንዴት አደረ?» ትላታለች።

የኒው ዮርኩ መመሪያ አንድ ብልህ ነገር አለው፤ የሚያክመው ሐኪም የሚመርጠው ሐኪም እንዳይሆን ይከለክላል። መዛኙ ሌላ ሰው ወይም ቡድን ነው፤ የሚያየው የሕመሙን መረጃ እንጂ ስምን፣ ሃይማኖትን፣ ብሔርን፣ ሥራን አይደለም። የሚያክመው ሐኪም እስከ መጨረሻው የሕመምተኛው ጠበቃ ሆኖ ይቀራል። ይህ ክፍፍል ለሕመምተኛው ይጠቅማል፤ ለሐኪሙና ለነርሷም የበለጠ ይጠቅማል። በእኛ አገር ደግሞ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ ማንም ባለሥልጣን ደውሎ ሊጫነው የሚችል አንድ ሰው አይኖርም።

መሣሪያ ያልደረሰው ሰው ደግሞ አይጣልም። ጭንቀቱን የሚያቀልል መድኃኒት፣ ሕመሙን የሚያስታግሥ ሞርፊን፣ ከንፈሩን የሚያርስለት ሰው፣ ቢቻል የንስሐ አባቱ ወይም ሼኩ፣ ቢያንስ በስልክ የቤተሰቡ ድምፅ ያስፈልገዋል። በኮሮና ጊዜ ብዙዎች ያለ ለቅሶ፣ ያለ አጃቢ ተቀበሩ። ሰውን ከሞት ማዳን ባልተቻለበት ቀን እንኳን ብቻውን እንዳይሞት ማድረግ የሚያስወጣው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ይህም በክፍፍል ደንብ ውስጥ እንደ ማንኛውም ሕክምና ተጽፎ ባለቤት ሊሰየምለት ይገባል።

ለሆስፒታል ኃላፊዎች፣ ለጤና ሚኒስቴርና ለክልል ጤና ቢሮዎች የምለው ይህ ነው። የሚቀጥለው ወረርሽኝ ሳይመጣ፣ ሰው ረጋ ብሎ ማሰብ በሚችልበት በዚህ ጊዜ፣ ደንቡን ጻፉ፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ ሕዝቡ በሚናገራቸው ቋንቋዎች ሁሉ ጻፉት። የአካል ጉዳተኞችን፣ የአረጋውያንን፣ የሃይማኖት አባቶችን፣ የነርሶችን አስተያየት ተቀበሉ። ከዚያም በሆስፒታሉ በር ላይ ለጥፉት። አንባቢ ሆይ፣ አንተም አንቺም በሚቀጥለው ጊዜ ዘመድ ልትጠይቁ ሆስፒታል ስትሄዱ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ኦክስጅን ማምረቻው እየሠራ ነው? አልጋ ሲሞላ ማን በምን ደንብ እንደሚገባ የተጻፈ ነገር አለ? መልስ ካጣችሁ እስኪሰጣችሁ ድረስ መጠየቁን አታቁሙ።